የእትዬ ፍሬን ማብሪያዎች

ፊውዝ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ በሱ የሚጠራው ግን መታወቂያው ብቻ ነው። ሰፈሩም ጋራዡም ፊውዝ ነው የሚሉት። ሰው ጮክ ብሎ ከተናገረው ጥፍት ይላል። አይመልስም፣ አይቆጣም፤ ካቻቢቴውን ይዞ ዳሽቦርድ ስር ይገባና ነገሩ እስኪበርድ አይወጣም። ስለዚህ ብዙ ሰው ስሙ ከዚህ የመጣ ይመስለዋል። አይደለም። ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ናት።

ሚስቱ መኪና መንዳት አስተማሪ ነበረች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ። እሷንም ሰው በስሟ አይጠራትም፤ እትዬ ፍሬን ነው የሚሏት። ተማሪ አጠገብ ተቀምጣ፣ "ፍሬን! ፍሬን! ፍሬን አልኩህ እኮ አንተ የሰው ልጅ!" ስትል ሁለት መንገድ አልፎ ይሰማ ነበር። በከተማው መሪ ከሚይዘው ሰው ግማሹ የሷን ቁጣ ቀምሷል። ፀጉራቸው የሸበተ ሹፌሮች ዛሬም መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርሱ ጆሯቸው ውስጥ እትዬ ፍሬን ትጮህባቸዋለች ይባላል።

የምታስተምርባት መኪና እነሱ ሳይጋቡ የተሠራች አሮጌ ናት። አፍንጫዋ ክብ፣ ወንበሯ እንደ ሶፋ የተንጣለለ፣ ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ የነበረ፣ አሁን ግን ብዙ የታጠበ ሸሚዝ የመሰለች። በተማሪው በኩል አንድ ፍሬን አላት፣ በአስተማሪዋ በኩል ደግሞ ሌላ። ዳሽቦርዷ ብረት ነው። መሀሉ ላይ የሚሳቡ አራት ማብሪያዎች ተደርድረዋል፦ የመብራት፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ የማራገቢያና የውስጥ መብራት። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ክብ፣ ሁሉም እኩል። ላያቸው ላይ የነበረውን ምልክት የሰው ጣት በልቶ ከጨረሰው ቆይቷል። አራቱም ደግሞ የላሉ ነበሩ። ስንት ሺህ ተማሪ ፈርቶ፣ ላብ አልቦት፣ ሲጎትታቸው ኖሮ እንዴት አይላሉ!

ሕመሙ የጀመራት ከአራት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ ቁልፍ ጠፋባት፤ ከዛ መንገድ፤ ከዛ የሰው ስም። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው አለ። ፊውዝ ሐኪሙን "የት ጋ ነው የተቋረጠው?" ብሎ ጠየቀው፤ የሚያውቀው እንደዛ ብሎ መጠየቅ ነው። ሐኪሙ ትከሻውን ነካ ነካ አደረገው።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት አልጋው ላይ ቀና አለችና ፊውዝን አየችው። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ፣ "ይቅርታ፣ እርስዎ ማን ነዎት?" አለችው።

እርስዎ! "አንተ ፊውዝ፣ ና እስቲ፣ ሂድ እስቲ" ስትለው የኖረች ሴት! በኋላ ጋራዥ ውስጥ አጠገቡ የተጋጨ መኪና ለሚያቃናው ለባትላሜራው እንደነገረው፣ "ማን ነዎት" ያለችው አይደለም የገደለው፤ "እርስዎ" ያለችው ነው።

ከዛን ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ዝም አለች። መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ፎጣ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች። ቀን ቀን ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው ማሽኗን ይዛ መጥታ አጠገቧ ትሰፋለች። ፊውዝ አስር ሰዓት ላይ ከጋራዥ ሲመለስ ልጅቷ ክሯን ጠቅልላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ከዛ በኋላ ሁለቱ እንደ ሁለት እንግዳ ተፋጠው ያመሻሉ።

አንድ ቀን ታዲያ ፊውዝ ሻይ ሊያፈላ ገባ ብሎ ሲመለስ ሚስቱ የለችም። ወደ ግቢው ሮጦ ሲወጣ፣ አሮጌዋ መኪና ውስጥ፣ በአስተማሪ ወንበር ላይ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ቁጭ ብላለች። በሩን ከፍቶ በሹፌሩ ወንበር ገባ። ዞራ ከላይ እስከ ታች አየችው።

"አዲስ ተማሪ ነዎት?"

ምን ይበል? "አዎ" አለ።

"በዚህ ዕድሜዎ መንጃ ፈቃድ ምን ሊያደርግልዎት ነው? ሊያገቡ ነው?"

"አግብቻለሁ።"

"ታዲያ ሚስትዎ አትነዳም?"

"ትነዳለች።"

"እንግዲያው ምን አደከምዎት! ኋላ ቁጭ ብሎ መሄድ ነዋ!"

ፊውዝ ሳቀ። ከስንት ወር በኋላ።

እትዬ ፍሬን አዲስ ተማሪ ስትቀበል የራሷ ሥርዓት አላት። የመጀመሪያው ቀን ሞተር አይነሳም። "መኪና የምትታወቀው በእጅ ነው፤ ዓይን የመንገድ ነው" ትላለች። ተማሪው ዓይኑን ይጨፍናል፣ እሷም ትጨፍናለች። ከዛ "መብራት!" ብላ ስትጠራ እጁን ሰዶ ማግኘት አለበት። "ዝናብ!" ስትል መጥረጊያውን። ማብሪያዎቹ እኩል ናቸው፤ ተራ መቁጠርም አይፈቀድም፤ ታዲያ በምን ይለያሉ? በመላላታቸው ነዋ! ትምህርቱ ራሱ እሱ ነበር።

"ይኸውልዎት፣ እንደ ወተት ጥርስ የሚነቃነቀው መብራት ነው። አንገቱን የደፋው፣ እንደተቆጡት ልጅ፣ እሱ የዝናብ መጥረጊያ ነው። ዝም ብሎ የሚሽከረከረው ሥራ ፈት ማራገቢያው ነው። ሲነኩት ቀጭ ቀጭ የሚለው ወሬኛ ደግሞ የውስጥ መብራት።"

እያለች በተጨፈነ ዓይኗ ጣቷን ታስኬደዋለች፤ አንዱንም አትስትም። የገዛ ባሏን የረሳች ሴት!

ፊውዝ አውቆ ይሳሳት ነበር። "ዝናብ!" ስትል ማራገቢያውን ይጎትታል። ያኔ ትግላለች። ትምህርቱ ሲግል ደግሞ እርስዎ ብሎ ነገር የለም።

"አንተ! ዝናብ ነው ያልኩህ፤ ንፋስ መቼ አልኩ? ይሄ እጅ ነው ወይስ ማንኪያ?"

"ይቅርታ እትዬ።"

"ይቅርታህን ለትራፊክ ንገረው! እንደገና!"

ያቺን "አንተ" ለመስማት ሲል ነው ቀኑን ሙሉ የሚሠራው። አስር ሰዓት ሲሆን ሌላ መኪና ቢያለቅስለት አይሰማም። በየቀኑ አዲስ ተማሪ ነው፣ በየቀኑ የመጀመሪያ ቀን ነው። እንዲህ ሆኖ አሥራ አንድ ወር አለፈ።

ትምህርቱ ሲያልቅ ወንበሩን ደገፍ ብላ ወሬ ትጀምራለች። የምታወራው ስለ ባሏ ነው።

"ባሌን እንዴት እንዳገኘሁት ልንገርህ? ዝናብ እንደ ጉድ ይወርዳል፣ መጥረጊያዬ ቀጥ አለ። ዳር ይዤ ቆምኩ። አንድ ቀጭን ልጅ ሱቅ በር ላይ ተጠልሎ ያየኛል። መጣና አጎንብሶ የተቃጠለ ፊውዝ አወጣ። መለዋወጫ የለኝም። አፌ ውስጥ ከረሜላ ነበር፤ 'ወረቀቱን ስጪኝ' አለኝ። የሚያብለጨልጨውን ልጦ ፊውዙ ላይ ጠቀለለው፣ መጥረጊያው ሄደ! ስሙን ስጠይቀው አፈረና መሬት መሬት ያያል። 'እንግዲያው ፊውዝ እልሃለሁ' አልኩት። ይኸው እስከ ዛሬ ፊውዝ ነው።"

ፊውዝ ይሄን ይሰማል። አጠገቧ ተቀምጦ፣ የራሱን ጋብቻ እንደ ሰው ወሬ ይሰማል። ከዛ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ትደርሳለች፦

"ግን ምን ዋጋ አለው! የሰው መኪና ሲያጠብቅ ይውላል፣ የኔን ማብሪያዎች ግን እያቸው። 'ለሳምንት' ይለኛል። ስንት ዓመት ሙሉ ለሳምንት! የሱ ሳምንት ሰኞ የለውም።"

እውነቷን ነው። ስትጨቀጭቀው ለሳምንት ይላል፣ ትረሳዋለህ ስትለው አልረሳም ይላል፣ ሰኞ ሲመጣ የሌላ ሰው መኪና ይመጣል። እሷ ጤነኛ በነበረች ጊዜ ይሄ የቤቱ ቀልድ ነበር። አሁን ግን ቀልድነቱ ቀርቶ እንደ እሾህ ይወጋው ጀመር።

አንድ ቀን ደፍሮ ጠየቃት። "ተቀየሙት እንዴ?"

"ለምን ብዬ እቀየመዋለሁ?" አለች። መስታወቱን አየት አደረገችና፣ "ግን አንድ ቀን፣ እኔ ሳልጨቀጭቀው፣ ብገባ፣ ሁሉም ጥብቅ ብሎ ባገኘው... ኧረ ደስ ይለኝ ነበር። አስቦኛል ማለት ነው እል ነበር።"

ፊውዝ የዛን ማታ እራት አልበላም።

በነጋታው ጋራዥ ውስጥ ለባትላሜራው ነገረው። ባትላሜራው ትልቅ ሆድ ያለው፣ መዶሻ ከእጁ የማይለይ ሰው ነው።

"ታዲያ ሥራላታ! የማንን ፈቃድ ነው የምትጠብቀው? ባሏ አይደለህ እንዴ?"

"ተማሪዋ ነኝ" አለ ፊውዝ።

"ጎበዝ ተማሪ ነህ፤ አሥራ አንድ ወር አንደኛ ክፍል!"

ሳቁ። ፊውዝ ግን ውስጡ ወስኗል። ማብሪያዎቹን ጥብቅ አድርጎ፣ "ባልዎት ሠራልዎት" ሊላት ነው። ባሏን ጨርሳ ሳትረሳው በፊት፣ ቃሉን እንደጠበቀ አንዴ ትወቅ። ከዚህ ሌላ ከዓለም የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

ቅዳሜ ልጅቷ እናቷን ቤቷ ወስዳ ልታሳድራት ሆነ። ፊውዝ ገና በጠዋት ኮፈኑን ከፈተ፣ ባትሪውን ነቀለና በጀርባው ተኝቶ ዳሽቦርዱ ስር ገባ። የአስተማሪዋ ፍሬን ጆሮውን ይወጋዋል። የግራ እጁ ከጀርባ ማብሪያውን ይይዛል፣ የቀኝ እጁ በፊት በኩል ዞሮ ዳዶውን ይፈታል። ከኋላ ካልያዙት ማብሪያው አብሮ ይዞርና ሽቦውን ያጣምረዋል፤ አንዱ ሽቦ አንዱን እንደነካ ከቀረ ደግሞ ባትሪው ሲመለስ ጭስ ነው። አንድ በአንድ አወጣቸው። ብረቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ከመበላታቸው የተነሳ ክብነታቸው ቀርቶ እንቁላል መስለዋል። ዳዶ ብቻ ማጥበቅ ምን ሊፈይድ! ከነሐስ ቆርቆሮ አራት ትንንሽ ክቦች ቆረጠ፣ ልክ ልካቸውን በሳ፣ ከጀርባ ደርቦ በየዳር ዳሩ በየዳቸው። ዳዶው እንዳይላላ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ከሥር አስገባ። የተጣመመውን የመጥረጊያ ማብሪያ ዘንግ አቀና። የሚሽከረከረውን የማራገቢያ እጀታ ፈትቶ ጥርሱን አጽድቶ በማጣበቂያ መልሶ አሰረ። የሽቦ ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጋቸው።

የማንንም መኪና እንዲህ ሠርቶ አያውቅም። ፀሐይዋ ወደ ማዘንበሉ ስትል ጨረሰና ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንድ በአንድ ሳባቸው። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። አራቱም እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከዛ ገብቶ ታጠበ፣ ጢሙን ተላጨ።

እሁድ አስር ሰዓት ላይ ልጅቷ እናቷን ይዛ መጣች። እትዬ ፍሬን ማንም ሳይመራት ወደ መኪናዋ ሄዳ ተቀመጠች። ፊውዝ ገባ። መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ፤ እንደ እውነተኛ ተማሪ።

"አዲስ ተማሪ ነዎት?"

"አዎ እትዬ።"

"ይጨፍኑ። እኔም እጨፍናለሁ። መብራት!"

ፊውዝ አልጨፈነም፤ ፊቷን ማየት ፈልጎ ነበር። እጇን እንደ ልማዷ ሰደደችና የመጀመሪያውን ማብሪያ ነካች። ቆመች። ወደ ሁለተኛው አለፈች። ወደ ሦስተኛው። ወደ አራተኛው። ተመለሰች። ቤቱ ገብቶ ዕቃው ሁሉ ተነስቶ እንዳገኘ ሰው ጣቶቿ ይፈልጋሉ፣ ይዳብሳሉ፣ ምንም አያገኙም። ሁሉም ጥብቅ፣ ሁሉም እኩል።

ዓይኗን ገለጠች።

"ይሄ የማን መኪና ነው?"

"ያንቺ ነዋ!" አለ ፊውዝ። ሳያስበው ነው አንቺ ያለው። "ባልሽ አጠበቀልሽ። ሳትጨቀጭቂው። ትናንት፣ ቀኑን ሙሉ..."

"የኔ አይደለም" አለች። "የኔዋን አውቃታለሁ። ምንድን ነው... የት ነው ያመጡኝ?"

"እትዬ..."

"የት ነው ያመጡኝ ጌታዬ?"

እግሯ ፍሬኑን ረገጠ። አንዴ፣ ደግማ፣ ደጋግማ። የቆመች መኪና ልታቆም ትረግጣለች። አፏ ግን ድምፅ አላወጣም። እትዬ ፍሬን ሳትጮህ ፍሬን ስትረግጥ ያየ ሰው እስከዛን ቀን አልነበረም። ሌላው እጇ የበሩን መክፈቻ ፍለጋ መስታወቱን ይቧጭራል።

ልጅቷ ሮጣ መጥታ በሩን ከፈተች። "እማዬ! እማዬ፣ ነይ፣ እኔ ነኝ። አባዬ፣ ምን አደረግካት?"

"አጠበቅኩላት" አለ ፊውዝ።

በነጋታው መኪናዋ ጋ አልሄደችም። በማግስቱም። ፊውዝ ሦስተኛው ቀን ላይ ማብሪያዎቹን መልሶ ሊያላላ ተነሳ።

ሥራው ቀላል መስሎት ነበር። ሮንዴላዎቹን አወጣ፣ የበየዳቸውን ክቦች አላቀቀ፣ ዳዶዎቹን ለቀቀ። ማብሪያዎቹ ላሉ፤ ግን አራቱም አንድ ዓይነት መላላት ላሉ። ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ። የወተት ጥርሱ የሚነቃነቀው ወደ ላይና ወደ ታች ነበር ወይስ ወደ ጎን? አንገቱን የደፋው ምን ያህል ነበር የደፋው? እጁን ጠየቀው። እጁ አያውቅም። አሥራ አንድ ወር ሙሉ አውቆ ሲሳሳት፣ ልቡ ድምፅዋ ላይ ብቻ ሆኖ፣ እጁ አንድ ነገር አልተማረም።

ባትላሜራው ሊያግዝ መጣ። "ማላላትማ ምን ችግር አለው! መዶሻ አምጣ።"

"አይሆንም" አለ ፊውዝ። "ሠላሳ ዓመት የላላ ነገር በአንድ ቀን አይላላም።"

የዳቦ መኪና የሚነዳ የድሮ ተማሪዋን እንኳ ለምኖ አመጣው። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ማብሪያዎቹን ዳሰሰና ራሱን ነቀነቀ። "እንዲህ አልነበሩም ጋሽ ፊውዝ። እንዴት ነበሩ ካልከኝ ደግሞ መናገር አልችልም። እጄ ነው እንጂ የሚያውቀው፣ እኔ አላውቀውም።" ሲወጣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ዓይኑን እንባ ሞልቶት ነበር።

ፊውዝ የየማብሪያውን ጥርስ ሞርዶ፣ ፈግፍጎ፣ ገምቶ፣ የቻለውን ያህል አላላቸው። አንድ ቀን እጇን ይዞ ወሰዳት። በሩን ከፈተላት። ወደ ውስጥ አንዴ አየችና እጇን ከእጁ አወጣች።

"የሰው መኪና ውስጥ አልገባም። ባለቤቱ ይቆጣል።"

"አይቆጣም።"

"እርስዎ ምን ያውቃሉ?"

በሩን ዘጋው። ከዛ ወዲህ አልከፈተውም።

አሁን አስር ሰዓት ሲሆን እትዬ ፍሬን የምትሄደው ወደ ውጭው በር ነው። ብረቱን በር ከፍታ መንገዱን ታያለች። ልጅቷ መጀመሪያ ልትመልሳት ስትታገል ፊውዝ፣ "ተያት፣ ምን እንደምታይ እንጠይቃት" አለ። ጠየቃት።

"መኪናዬን እየጠበቅኩ ነው" አለች። "ባሌ ወስዷት ነው። ማብሪያዎቹን ሊያጠብቅልኝ።"

ፊውዝ ገብቶ ሁለት በርጩማ አምጥቶ ከበሩ ጎን አስቀመጠ። አንዱን ለሷ፣ አንዱን ለሱ። ከዛን ቀን ጀምሮ እዛ ነው የሚቀመጡት። መኪና ያልፋል፣ ሰው ያልፋል፣ የሚያውቋቸው ሰላም ይሏቸዋል፤ እሷ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ትመልሳለች፣ ዓይኗን ግን ከመንገዱ መታጠፊያ አታነሳም።

አንድ ቀን አልቻለም። ባትላሜራው፣ "ዝም ብለህ ንገራት፣ ምናልባት አንዱ ሽቦ ይገናኝ ይሆናል" ብሎት ነበር። ወደሷ ዞረና በስሟ፣ እናትና አባቷ ባወጡላት ስም ጠራት።

"ባልሽ እኮ እኔ ነኝ" አላት። "ፊውዝ ነኝ። መኪናሽን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።"

እትዬ ፍሬን ትክ ብላ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዛ ፊቷ ለስለስ አለና እጇን ጉልበቱ ላይ አኖረች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

"አይዞዎት" አለችው። "ሰው ሲደክመው እንዲህ ይደርስበታል። ቤትዎ ጠፍቶዎት ነው። አይፈሩ፣ እዚሁ ከኔ ጋር ይቀመጡ። ባሌ ሲመጣ በመኪናችን ያደርስዎታል። ደግ ነው። ይዘገያል እንጂ አይቀርም።"

"አመሰግናለሁ" አለ ፊውዝ።

እጇን ከጉልበቱ አላነሳችም። መታጠፊያው ጋ የመኪና ድምፅ ተሰማና እትዬ ፍሬን ከበርጩማው ብድግ አለች። ፊውዝም አብሯት ብድግ አለ። ያለፈው የሌላ ሰው መኪና ነበር። ሁለቱም ተመልሰው ተቀመጡ።